ከአግዳሚው በላይ የታየኝ ድልድይ

የእህቴ ባል እኛ ቤት ቆጥ ላይ ተደብቆ ሳለ ፍተሻው ከሰንጋ ተራ ተነስቶ ወደ ልደታ መውረድ ጀመረ። ጣሊያኖቹ አንዱን ሰፈር ጨርሰው ነበር ወደሚቀጥለው የሚሻገሩት። አልጋ ይገለብጣሉ፣ የእህል ጎታ ይደፋሉ፣ ጣሪያውን በሳንጃ ይወጋሉ። ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ከጎረቤት የሰማችውን ይዛ ገባችና በሩን ዘግታ ጀርባዋን አስደገፈችበት።

"ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለውን ሰፈር ጨረሱት" አለች።

ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ሰፈር የእኛ ነበር።

የእህቴ ባል አርበኛ ነው። ጠላት አዲስ አበባ እንደገባ እሱ ጫካ ገባ። በኋላ ጭኑን በጥይት ተመታና ጓደኞቹ በሣር ጭነት ውስጥ ሸሽገው አምጥተው እኛ ጓሮ ጥለውት ሄዱ። ጥይቱ ገብቶ ወጥቷል፤ አጥንት አልነካም፤ ቁስሉ ግን አመርቅዞ ነበር። እህቴ ጠዋትና ማታ ቆጡ ላይ እየወጣች በሞቀ ጨው ውሃ ታጥብለታለች። ሽታው ወደ ውጭ እንዳይወጣ እናቴ ነጭ ሽንኩርት ስትቀጠቅጥ ትውላለች። ከየካቲቱ እልቂት ወዲህ አርበኛ የተገኘበት ቤት ምን እንደሚደረግ ለማንም መንገር አያስፈልግም ነበር። ሰዉን ከነቤቱ ሲያቃጥሉት በዓይናችን አይተናል።

እኔ ያን ጊዜ ጢሜ ገና እየወጣ ያለ ጎረምሳ ነበርኩ። ከቤታችን ብዙም በማይርቀው የአውሮፕላን ሜዳ የቀን ሠራተኛ ነኝ፤ ድንጋይ እሸከማለሁ፣ አፈር እደለድላለሁ። ጣሊያንኛም ትእዛዝ ለመስማትና ለመመለስ የሚበቃ ያህል ለምጃለሁ። ማታ ማታ ስመለስ ቆጡ ሥር ቆሜ "ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ?" እለዋለሁ። "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን" የሚል ድምፅ ከላይ ይመጣል። ድምፁ ከቀን ወደ ቀን እየቀጠነ ሄደ።

የሜዳው ነገር የተጀመረው በአጋጣሚ ነበር። በሜዳው ዳር የጎርፍ ውሃ እንዲወርድበት ጥልቅ ቦይ ተቆፍሯል። ለመሻገር ዙሪያውን ሄዶ በሳንቃ ማለፍ ያስፈልጋል። በዚያው ሳምንት አንድ ቀን የምሳ ፊሽካ ሲነፋ ረሃቡ አላስችል አለኝና አጠገቤ የወደቀውን ረጅም ቀርከሃ አንስቼ ሮጥኩ። ጫፉን ቦዩ ውስጥ ተክዬ ተወነጨፍኩ፤ ማዶ በእግሬ ቆምኩ።

ይህንን የተማርኩት ጠላት ሳይገባ ነው። በተማርኩበት ትምህርት ቤት አንድ የውጭ አገር መምህር ነበሩ፤ ምርኩዝ ዝላይ የሚባለውን ጨዋታ ያሳዩን እሳቸው ናቸው። ረጅም ቀርከሃ ይዘህ ትሮጣለህ። ጫፉን መሬት ላይ በተቆፈረች ጉድጓድ ትሸጉጣለህ። ቀርከሃው ቀጥ ብሎ ሲነሳ አንተንም ይዞህ ይነሳል፤ እግርህን ወደ ሰማይ ሰቅለህ፣ በሁለት ቋሚዎች ላይ የተጋደመውን ቀጭን እንጨት ሳትነካ ታልፋለህ። ከእኔ ይበልጥ የሚሮጡ፣ ከእኔ ይበልጥ ጉልበት ያላቸው ነበሩ። እኔ የምበልጣቸው ባለመፍራት ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ መምህሩም ወደ አገራቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ቀርከሃ ለአጥር እንጂ ለሌላ ነገር ይዤ አላውቅም።

ቦዩን ተሻግሬ ቀና ስል የሠራተኞቹ አለቃ፣ ጣሊያናዊው ሃምሳ አለቃ፣ ቆሞ ያየኛል። በጥፊ የሚለኝ መስሎኝ ፊቴን በክንዴ ከለልኩ። እሱ ግን ቀርከሃውን ተቀብሎ እጄ የነበረበትን ቦታ በስንዝር ይለካ ጀመር።

"ማነው ያስተማረህ?"

"ትምህርት ቤት ነው፣ ጌታዬ።"

"ምን ያህል ትዘል ነበር?"

እጄን ከራሴ በላይ ዘርግቼ፣ ትንሽም እንጣጥ ብዬ አሳየሁት። ሳቀ። አንድ እግሩ አይታጠፍም ነበር። በወጣትነቱ እሱም በምርኩዝ ዘላይ እንደነበረና ጉልበቱን የሰበረው ይኸው ጨዋታ መሆኑን እዚያው ቦዩ ዳር ቆሞ ነገረኝ። አለቃዬ እንደ ሰው ሲያወራኝ የመጀመሪያው ነበር።

በመጪው እሁድ በሜዳው የስፖርት ውድድር ሊደረግ ነው። ከጣሊያኖቹ ሌላ ከሊቢያ፣ ከሱማሌና ከኤርትራ የመጡ፣ አስካሪ የሚባሉ ወታደሮቻቸው፣ አንድ ግሪካዊ መካኒክም ይወዳደራሉ። ነጭና ጥቁር በአንድ አውቶቡስ እንዳይሳፈር በተከለከለበት ዘመን ይህ እንዴት እንደተፈቀደ ዛሬም ይገርመኛል። የሜዳው አዛዥ የነበረው ሻምበል ውድድሩን የብዙ አገር ሕዝብ የተሰበሰበበት አስመስሎ ፎቶግራፍ ሊያስነሳ ፈልጎ ነው ይባል ነበር። ሃምሳ አለቃው እኔንም ሊያስገባኝ ጠየቀ። ሻምበሉ በመጀመሪያ እምቢ አለ፤ በኋላ "ይግባ፤ ሰዉ ይሳቅበት" ብሎ ፈቀደ። ቁጥር አይሰጠኝም፣ አይመዘገብልኝም። ሌሎቹ ከዘለሉ በኋላ እዘላለሁ፤ እወድቃለሁ፤ ይሳቃል።

ይህንን ማታ ለእናቴ ስነግራት "አትሄድም" አለች። "መሳቂያ ሆነህ መቆም ምን የሚሉት ነው? እግርህ ቢሰበርስ? ይኼንን ቤት ማን ሊያስተዳድር ነው?"

እኔም አልሄድም ብዬ ቆርጬ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠችኝ እህቴ ናት። ያ የፍተሻ ወሬ በመጣበት ቅዳሜ ጠዋት፣ እናቴ በሩን እንደተደገፈች፣ እህቴ ከቆጡ በመሰላል ወረደችና እጇን በነጠላዋ እያደረቀች ጠየቀችኝ።

"የነገው ጨዋታ ላይ የድልድዩ ወታደሮች ይመጣሉ?"

"ማን ይቀራል ብለሽ ነው? አንድ ሰው ቢተዉ ነው።"

እናቴም እኔም ነገሩ የገባን እኩል ነበር። ከልደታ ቁልቁል ወንዙ ላይ የተሠራ የድንጋይ ድልድይ አለ፤ ከድልድዩ ማዶ ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ ማዶ ገጠር ነው። በሌላ በኩል ወንዙን ለማለፍ ገደሉን መውረድና መውጣት ይጠይቃል፤ ቁስለኛ አይችለውም። ድልድዩ ላይ ደግሞ የሚጠብቁ ወታደሮች አሉ። ወንድ ሲያልፍ ልብሱን አስገልበው የጥይት ቁስል ይፈልጋሉ። ማዶ ባሕር ዛፉ ውስጥ ሰው ደርሶ እንዲቀበለው ማድረግ ለእህቴ አስቸጋሪ አልነበረም፤ እንጨት ለቃሚ ሴቶች በየቀኑ ያልፋሉ፣ ቃልም ያደርሳሉ። አስቸጋሪው ድልድዩ ነበር።

"እንደ በሽተኛ ጋቢ አከናንቤው ወደ ጠበል እንደምወስደው ሆኜ እሄዳለሁ" አለች። "ምርኩዝ ይዞ ይራመዳል። ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው፤ ስለዚህ ጨዋታው ቶሎ ማለቅ የለበትም።"

"እታለም፣ እኔ እኮ እንደማንኛውም ሰው ስወድቅ እወጣለሁ።"

"እንግዲያው አትውደቃ" አለችኝ።

በምርኩዝ ዝላይ ሕጉ ቀላል ነው። አግዳሚው እንጨት በተቀመጠበት ከፍታ ሁሉ ሦስት ጊዜ መሞከር ይፈቀዳል። ያለፈ ይቀጥላል፤ ሦስቴ የጣለ ይወጣል። ከዚያ አግዳሚው ከፍ ይላል። ዘላዮች እስካሉ ድረስ ጨዋታው አያልቅም። የውድድሩ ቀን የመጨረሻው ጨዋታ ይኸው ነበር። ይህንን ለእህቴ ሳስረዳት ዓይኔን እያየች አዳመጠችኝ። ከቆጡ ላይ ባሏ "ልጁን አታስጨንቂው" ሲል ሁላችንም ሰማን።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሜዳው በሰው ሞልቶ ጠበቀኝ። ጣሊያኖቹ ወንበር ላይ፣ አስካሪዎቹ ቆመው፣ የሰፈሩ ሰው ደግሞ በስተኋላ። ሜዳው ሲደለደል የተጠረገው አፈር በአንድ በኩል እንደ ግንብ ተከምሯል፤ የድልድዩ ወታደሮች ጠመንጃቸውን እንደያዙ ያ ክምር ላይ ወጥተው ተደርድረዋል። ከክምሩ ጀርባ ነው መንገዱ ወደ ወንዙ የሚወርደው። ከመሬት ሆኖ ለሚያይ ከሰው ራስና ከቆብ በቀር ምንም አይታይም።

የመሮጫው መስመር የሚጀምረው ከዚያ ክምር ሥር ነበር። ስለዚህ ስሮጥ ጀርባዬን ለድልድዩ ሰጥቼ ነው። ነገር ግን በምርኩዝ የሚዘል ሰው ከፍ ብሎ ሲወጣ ሰውነቱ ይገለበጣል፤ አግዳሚውን በሆዱ በኩል ሲያልፍ ፊቱ ወደመጣበት ይዞራል። ይህንን ያሰብኩት የመጀመሪያውን ዝላይ ስዘል ነበር፤ ከዚያ በፊት በጭራሽ አልመጣልኝም።

ተራዬ ሲደርስ ባዶ እግሬን ቆሜ ሳለሁ ሳቁ ተጀመረ። አንዱ እንደ ዝንጀሮ ጮኸ። ቀርከሃውን አነሳሁ፣ ሮጥኩ፣ ሸጎጥኩ፣ ተነሳሁ። ከላይ ስገለበጥ የወታደሮቹን ቆብ አየሁ፤ ከቆቦቹ በላይ መንገዱን፣ ከመንገዱ መጨረሻ ድልድዩን። ባዶ ነበር፤ አንድ ጠባቂ ብቻ ወዲያና ወዲህ ይላል። ከዚያ ለመውደቂያ የተከመረው ሰጋቱራ ላይ ወደቅሁ። አግዳሚው እንዳለ ነበር። ሳቁ ቀነሰ።

ግሪካዊው ወጣ፣ ሱማሌው ወጣ። አግዳሚው ከፍ አለ። ሁለተኛውን ስዘል ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ነጭ ነጠላ ታየኝ፤ ከነጠላው አጠገብ ጎብጦ የሚራመድ ባለ ጋቢ ሰው። ዓይን እስኪርገበገብ ያህል ነው የሚታየው። እንደገና ለማየት እንደገና መዝለል ነበረብኝ፤ እንደገና ለመዝለል ደግሞ የሌሎቹን ተራ መጠበቅ። ሊቢያዊው ሲጠጣ፣ ሲጸልይ፣ እጁን በአፈር ሲያሽ ሳየው ላብ በጀርባዬ ይወርድ ነበር። እንዲቸኩልም፣ እንዲዘገይም እኩል እመኝ ነበር።

ሊቢያዊውም ኤርትራዊውም ሲወጡ እኔና አንድ ጣሊያናዊ አብራሪ ብቻ ቀረን። ረጅም፣ ፀጉሩን በዘይት ያስተኛ፣ አገሩ ውስጥ የታወቀ ዘላይ ነው የሚባል ሰው። አሁን የሚስቅ አልነበረም። ሻምበሉ ወንበሩ ላይ ወደ ፊት ሳብ ብሎ ተቀምጧል። ሃምሳ አለቃው እንጨቱን ለማስተካከል የመጣ መስሎ አጠገቤ ቆመና በዝግታ "ስማኝ" አለ። "በደንብ ዝለል። ግን እሱን እንዳትበልጠው። ለአንተም ለእኔም አይበጅም።"

አግዳሚው በጣም ረጅም ሰው እጁን ቢዘረጋ ከማይደርስበት ተሰቀለ። አብራሪው አለፈው። እኔ ሮጬ ተነሳሁ፤ ላይ ሳልደርስም ፊቴ ዞረ። ድልድዩ ላይ ናቸው። ቆመዋል። ጠባቂው አጠገባቸው ቆሟል።

እጄ ከዳኝ። አግዳሚውን በደረቴ ይዤው ወረድኩ። ከወንበሮቹ በኩል ጭብጨባ ተሰማ።

ሁለተኛ ሙከራዬን ስጀምር እግሬ የራሴ አልመስል አለኝ። ጉድጓዷ ጋ ስደርስ ቀርከሃውን መትከል አቅቶኝ ሮጬ አለፍኩ። ያም እንደ መጣል ተቆጠረ። አንድ ሙከራ ቀረኝ። ይህንን ከጣልኩ ጨዋታው ያበቃል፤ ክምሩ ላይ ያሉት ወታደሮች ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ከፊታቸው ያለው ድልድዩ ነው። ቀርከሃውን በጭኔ መሃል ይዤ መዳፌን አፈር አሸሁ። እናቴ ልደታ ብዬ ሮጥኩ።

ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ዘልዬ አላውቅም። አግዳሚው ከእኔ በታች ርቆ ነበር፤ ለማየትም ጊዜ አገኘሁ። ጠባቂው አሁን ከሁለቱም በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። እጁ የእህቴን ባል ትከሻ ጨብጧል። እህቴ እጆቿን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆማለች።

ተያዙ፤ አልኩ በልቤ። ሰጋቱራው ላይ ወድቄ መነሳት አቃተኝ። አስካሪዎቹ ይጮሃሉ፣ ያጨበጭባሉ፤ አለቆቻቸው ዞር ብለው ሲያዩአቸው ዝም ይላሉ። እኔ የምጠብቀው የፊሽካ ድምፅ ነበር፤ ጠባቂው አርበኛ ያዝኩ ብሎ ጓደኞቹን የሚጠራበት። ፊሽካው አልተነፋም።

አግዳሚው እንደገና ከፍ አለ። አብራሪው ሮጠ፤ በእግሩ መትቶ ጣለው። የእኔ ተራ ሆነ። ማለፍ አልፈለግሁም፤ ማየት ብቻ። ተነሳሁ፣ አየሁ፣ አግዳሚውን ሆን ብዬ በጉልበቴ ገፋሁት። ሦስቱም እንደቆሙ ናቸው። የጠባቂው እጅ ከትከሻው አልተነሳም። አብራሪው ለሁለተኛ ጊዜ ጣለ። ተነሳሁ፣ አየሁ፣ ገፋሁ። የእህቴ ባል በጣም ጎብጧል፤ ሊወድቅ የደረሰ መሰለኝ። ለምን እዚያው እንዳቆማቸው፣ ለምን እንደማይጮህ ሊገባኝ አልቻለም። አብራሪው ጫማውን አውልቆ እንደገና አሰረ። ላብ ከአገጩ ይንጠባጠባል። ሮጠ፤ ከሁሉም ጊዜ የተሻለ ተነሳ፤ በደረቱ ነካውና አግዳሚው ተንቀጥቅጦ ወደቀ።

አብራሪው ወጣ። እኔ አንድ ሙከራ ቀርቶኛል። ሻምበሉ ሲጋራውን መሬት ላይ ጥሎ ረገጠው። ሃምሳ አለቃው ከሩቅ ሆኖ ራሱን በቀስታ ወደ ግራና ቀኝ ነቀነቀልኝ።

ሮጥኩ። ላይ ስደርስ ድልድዩ ላይ ጠባቂው ብቻውን ነበር። ነጠላ የለም፣ ጋቢ የለም። አልፈው ይሁን ወይስ ወንዝ ውስጥ ተጥለው ለማወቅ ዓይኔን ወደ ባሕር ዛፉ ላክሁ፤ ቀርከሃውን መልቀቅም ረሳሁ። ከነቀርከሃው ወደ ጎን ወደቅሁ፤ ከሰጋቱራው ውጭ፣ ጠንካራው መሬት ላይ፣ በክርኔ። አጥንቱ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት።

ሻምበሉ የአብራሪውን እጅ ወደ ላይ አነሳ። ሙዚቃ ተመታ። ወታደሮቹ ከክምሩ ላይ እያወሩ ወደ ድልድያቸው ወረዱ። እኔ ክንዴን በሌላው እጄ አቅፌ ወደ ቤት ሄድኩ።

እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። ቆጡን ቀና ብዬ ሳይ ባዶ ነው፤ ምንጣፉ ተነስቶ ታጥቧል። "አየሃቸው?" አለችኝ። ድልድዩ ላይ ቆመው እንዳየኋቸው ነገርኳት፤ ከዚያ በኋላ እንደጠፉብኝም። ሌላ አልጠየቀችኝም። ክንዴን በመቀነቷ አሰረችልኝና ሁለታችንም ተቀምጠን በሩን ማየት ጀመርን። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ወታደር ይመስለን ነበር። ከጎረቤት የመጣች ሴት እሳት ልትጭር በሩን ስታንኳኳ እናቴ ከመቀመጫዋ ተነስታ መልሳ ተቀመጠች።

ፀሐይ ስትጠልቅ እህቴ ብቻዋን ገባች። እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው። በሩን ዘጋች፣ ነጠላዋን አወለቀች፣ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እናቴ "ንገሪን እንጂ!" አለቻት።

"ተቀበሉት" አለች። "በበቅሎ ወሰዱት።"

እናቴ መሬቱን ሳመች። እኔ ግን ጠባቂው ሲይዘው አይቻለሁ፤ ያ ምን እንደነበር ጠየቅኋት። እህቴ መጀመሪያ ሳቋ መጣ፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያ ነው የነገረችን።

ጠባቂው ወጣት አስካሪ ነበር። ባጠፋው ጥፋት ጨዋታውን እንዳያይ ብቻውን ድልድዩ ላይ አስቀርተውታል፤ በጣም ተበሳጭቷል። ሲደርሱ አስቆማቸው። ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቀ፤ ጠበል አለችው። ጋቢውን ሊገልብ እጁን ሲዘረጋ ከሜዳው ጩኸት ተሰማ። ቀና ሲል ከሰው ራስ በላይ አንድ ሰው አየር ላይ ተንሳፍፎ አየ። ጋቢውን ረሳው። የድልድዩ ግንብ ላይ ወጥቶ በደንብ ለማየት ፈለገ፤ ግንቡ ጠባብ ነው፣ መደገፊያ የለውም። የእህቴን ባል "ና፣ እዚህ ቁም" አለውና ትከሻውን ተደግፎ ወጣ። እዚያው ቆመ። ዝላዩ እስኪያልቅ ከነጠመንጃው ክብደቱን ጥሎበት የሚያየውን ይነግራቸው ነበር።

"'ነጩ ጣለ፣ ጥቁሩም ጣለ' ይላል። 'ጥቁሩ አለፈ! ባዶ እግሩን ነው እኮ!' ይላል። እሱ ደግሞ ከሥር ይንቀጠቀጣል፤ ደሙ በእግሩ ሲወርድ አየዋለሁ። ነጠላዬን ጥዬ እግሩን እንዳልሸፍን ፈራሁ። 'ያ ሰው ማነው? ታውቂዋለሽ?' አለኝ ጠባቂው። 'ከየት አውቄው' አልኩት።"

"ከዚያስ?"

"ነጩ መጨረሻ ላይ ሲጥል በደስታ ከግንቡ ዘሎ ወረደ። 'እለፉ፣ እለፉ፣ እግዜር ይማራችሁ' አለን። አለፍን። ወደ ኋላ አላየሁም።"

ወታደሮቹ በማግስቱ መጡ። እኔ በአንድ እጄ መሰላሉን ያዝኩላቸው። ቆጡን በሳንጃ ወጉት፤ አንዱ ወታደር በነጭ ሽንኩርቱ ሽታ አፍንጫውን ይዞ ወጣ። ክንዴ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ጨዋታ ላይ መሆኑን ስነግራቸው አንደኛው አወቀኝና ለጓደኞቹ በእጁ እያሳየ ነገራቸው። ምንም ሳይሰብሩ ሄዱ።

አብነት ሰፈር ያሉ አንድ ወጌሻ ክንዴን አሹልኝ፤ ክርኔ ግን እስከ ዛሬ አይዘረጋም። ወደ ሥራ ስመለስ ሃምሳ አለቃው ድንጋይ ከመሸከም አውጥቶ ውሃ ቀጂ አደረገኝ። አንድ ቀን ከቦዩ ዳር ብቻዬን ሳለሁ መጣ፤ የማይታጠፈውን እግሩን ዘርግቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

"የመጨረሻዎቹን ማለፍ ትችል ነበር" አለኝ።

"እርስዎ አትብለጠው ብለውኛል፣ ጌታዬ።"

"እሱን አይደለም የምልህ። ዘላይ ዓይኑ አግዳሚው ላይ ነው። የአንተ ዓይን ሌላ ቦታ ነበር። ሁልጊዜ አንድ ቦታ። ምን ታይ ነበር?"

የውሃውን ባልዲ መሬት አስቀመጥኩ።

"ሰማዩን ነው ያየሁት" አልኩት።

ተነስቶ ወደ አፈሩ ክምር ሄደ። ላዩ ላይ ወጥቶ፣ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ ወደ ድልድዩ እያየ ብዙ ቆመ። እኔ የምሮጥበትን አቅጣጫ አሰላ ነበር። ሲመለስ ፊቱን ለማንበብ ሞከርኩ፤ ምንም አላገኘሁበትም። አጠገቤ ሲደርስ ባልዲዬን በእግሩ ነካ አድርጎ "ሠራተኞቹ ጠምቷቸዋል፤ ሂድ" አለኝ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። ይወቅ አይወቅ ዛሬም አላውቅም። ማወቁን የማምንባቸው ቀኖች ይበዛሉ።

የእህቴ ባል ጠላት ሲወጣ ከአርበኞቹ ጋር ተመለሰ። ፀጉሩ ትከሻው ላይ ወርዷል፤ እናቴ ደጅ ላይ አይታው "ማን ልበል?" ብላ ነበር የተቀበለችው። ያነክሳል፤ ሌላው ሁሉ ደህና ነበር። ከበላና ከጠጣ በኋላ ስለ ጫካው እንዲነግረን ጠየቅነው። ስለ ጫካው ብዙ አልተናገረም። ስለዚያ ድልድይ ግን እህቴ የነገረችንን እሱም ደግሞ ነገረን፤ እያንዳንዱን ዝላይ በጠባቂው አፍ እንደሰማው፣ ድምፁን እየቀዳ።

"እግሬስ እግሬ ነው፤ ቆስሏል፣ ቻልኩት" አለ። "ትከሻዬን ነው የገደለኝ። በየዝላይህ እኮ ደስ ባለው ቁጥር ይዘላል!"

እናቴ ሳቀች፤ አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ። እህቴ "ኧረ ሰው ይሰማናል" ልትል አፏን ከፈተችና ትዝ ሲላት ተወችው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር፤ ጎረቤቶችም እንኳን ደህና መጣህ ሊሉት እየገቡ ነበር።